የፊታውራሪ ወንድይራድ አዳራሽ ለምን ዘመመ?

የታላቅ ሰው ቤት አንሥቶ ማውራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ የማወራውም በታላቅ ኀዘን ነውና ይቅር በሉኝ።

ፊታውራሪ ወንድይራድ አዲስ የእንጨት አዳራሽ ሲያሠሩ፣ አናጢው በቋሚዎቹ ላይ ሰያፍ እንጨት በሚስማር ሲመታ አዩት።

«ይሄ ጠማማ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ ነፋስ ከጎን ሲገፋው ቤቱ እንዳይዘምም ይይዘዋል።»

«በእኔ ግቢ ነፋስ ማን ፈቅዶለት ነው የሚገፋው? ንቀል!»

አናጢው እያዘነ ነቀለ። ቤቱ ተመረገ፣ ተከደነ። በምርቃቱ ዕለት ግን ነፋስ ቢጤ ሽው አለና፣ ፊታውራሪው ከነእንግዶቻቸው በግቢው በር ሲገቡ አዳራሹ ወደ እሳቸው ዘምሞ ጠበቃቸው።

አናጢውን አስጠሩት። «ለምን ዘመመ? ጥፋቱ የእርስዎ ነው ካልክ ስለ ድፍረትህ አርባ ጅራፍ፤ የእኔ ነው ካልክ ስለ ሥራህ አርባ ጅራፍ!»

ገራፊው እጅጌውን ሰበሰበ። አናጢው ጋቢውን አደግድጎ ጎንበስ አለ።

«ኧረ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ጌታዬ! እዚህ ግቢ በእርስዎ ፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ሁሉ ሲገረፍ ያየ ቤት ነው። እርስዎ ብቅ ሲሉ ደንግጦ እጅ ነሣ።»

ፊታውራሪው እንግዶቻቸውን ገላመጡና ጢማቸውን ጠቀለሉ። ጅራፉን ረስተው፣ ደረታቸውን ነፍተው ወደ አዳራሹ አመሩ።

«ኧረ አይግቡ፣ ጌታዬ!» ብሎ አናጢው ከፊታቸው ተደፋ። «በሩቅ አይቶዎት እንዲህ የጎነበሰ፣ ከገቡበትማ መሬት ሊስም ነው!»

ይህን ለማንም እንዳትደግሙት አደራ፤ በተለይ ቤታቸው ዘመም ላለባቸው ጌቶች።