አሳዳጊሽ ይባረክ

አንድ መንደር ውስጥ ልጃገረድ ስትታጭ የሙሽራው እናት መጥታ ክንዷን የምትዳብስበት ልማድ ነበር። ክንዷ ለስላሳ ከሆነ በእንክብካቤ ያደገች ናት ተብላ ትመረጣለች። ከጠነከረ ትታለፋለች።

በዚያ መንደር የምትኖር አንዲት እናት ስመኝ የምትባል ልጅ ነበረቻት። ስመኝ ጠዋት ጠዋት መዳፎቿን ግድግዳ ላይ አሳርፋ ሰውነቷን እየገፋች ትመልስ ጀመር። ግድግዳው ሲቀልላት ወደ መደቡ ወረደች፤ መደቡ ሲቀልላት ወደ መሬት። በመጨረሻ በደረቷ ተኝታ በሁለት ክንዷ ብቻ ራሷን ማንሳት ቻለች።

እናትየዋ አየቻት።

«ሽማግሌ ሊመጣ ነው፣ አንቺ ክንድ ታደነድኛለሽ? ሴትየዋ ስትዳብስሽ በሬ የነካች መስሏት ትሸሻለች።»

«እማዬ፣ የማነሳው እኮ የራሴን ክብደት ነው።»

«የአንቺን ክብደት ባልሽ ያነሳዋል። ተይ ብያለሁ።»

ስመኝ ተወች። ክረምቱ ሳይጋመስ ክንዷ እንደ ተነደፈ ጥጥ ለሰለሰ።

አንድ ቀን ሁለቱ ገደል አፋፍ ላይ እንጨት ሲለቅሙ ዝናብ ያራሰው አፈር ከእናትየዋ እግር ስር ተናደ። ቁልቁል ስትንሸራተት ልጅቷ በሆዷ ተኝታ እጇን ያዘቻት። ሳበች። ክንዷ ተንቀጠቀጠ።

«እማዬ፣ ትንሽ ራስሽን አንሺልኝ።»

«አልችልም ልጄ። አንቺ ሳቢኝ።»

«አቃተኝ፣ እማዬ።»

ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ። እናትየዋ ታች ካለው ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ ነፍሷ ተረፈች፣ ዳሌዋ ግን ተሰበረ።

ብዙም ሳይቆይ የሙሽራው እናት መጣች። መደብ ላይ በተኛችው ሴት ፊት የስመኝን ክንድ ዳበሰችና «እሰይ፣ እንዴት ያለ ልስልስ ክንድ ነው! አሳዳጊሽ ይባረክ» አለች።

የስመኝ እናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

እንግዳዋ ስትሄድ ልጇን ጠራቻት። «ነገ ወደ ግድግዳሽ ተመለሺ።»

«ሠርጉስ?»

«ክንድሽ እስኪጠነክር ይጠብቁ፤ ያኔ ካልወደዱት ይቅር። ደግሞ እኔንም አስተምሪኝ።»

ስመኝ የእናቷን መዳፎች መደቡ ላይ አሳረፈች። «በይ ግፊ።» እናትየዋ ጥርሷን ነክሳ ገፋች። ትከሻዋ ከትራሱ ላይ ጥቂት ተላቀቀ፤ ተመልሳም ወደቀች።

«እኔም በግድግዳ ነው የጀመርኩት» አለች ስመኝ። እናትየዋ እንደገና ገፋች።

ክንድ በጭንቅ ቀን አይጠነክርም፤ በጭንቅ ቀን የሚይዘን በደህናው ቀን የጠነከረው ነው። ሴት ልጅን ለዓይን እንድታምር ብለን ስናደክማት፣ የምናደክመው ነገ እኛኑ የሚይዘውን እጅ ነው።

እስኪ እናስብ፦ በየቤታችን «ተይ» ያልናት ልጅ ምን ልታነሳ ነበር?