ራስ የሌለው ልጅ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ይቅረብ። ዝንጀሮ የልጆች አእምሮ መርማሪ ሆኖ ተሾመ አሉ። ኤሊ ልጇን ይዛ መጣች፤ ፈተናውን ካላለፈ ትምህርት ቤት አይገባም።

ዝንጀሮ የልጁን ጠንካራ ጀርባ በዱላ እያንኳኳ፣ «ውሃ ወዴት ይፈሳል? ተናገር!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ደንግጦ ራሱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ።

«ጌታዬ፣ ዱላውን ቢያስቀምጡትስ?» አለች እናቲቱ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፈተና ያለ ዱላ የት አየሽ? ልጅሽ ራስ የለውም፤ ውሰጂው!» ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው።

ይኼኔ ልጁ አንገቱን አወጣና «ወደ ቁልቁለት» አለ።

ዝንጀሮ ዱላውን አንሥቶ ዞረ፤ ልጁም ተመልሶ ገባ።

«ማነው የመለሰው?»

«ልጄ ነዋ!»

«ራስ የሌለው በምን አፉ?» ብሎ አባረራቸው።

ተረቴ አለቀ፤ የልጆቻችንን ራስ እግዜር ይጠብቅልን።