ጥቁሩ ዱቄትና ሁለቱ ወንድማማቾች

አንዲት መምህርት ነበረች። ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ኬሚስትሪ ስላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ፤ ከዚህ ትምህርት ጋር ተቀያይማችሁ የተለያያችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም ከእናንተው ነኝ። ግን ዛሬ ታገሡኝ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚገባው እናንተው ቤት ነው።

መምህርቷ እቴነሽ ትባላለች። በአንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ ከአባቷ ከአቶ ጫንያለው ጋር ትኖራለች። አቶ ጫንያለው አንድ ታናሽ ወንድም አላቸው፤ አቶ ውቤ። ቤት ለቤት ናቸው፣ የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማል። ግን አይነጋገሩም። "እንዴት አደርክ" የለም፣ "ይማርህ" የለም።

በምን ተጣሉ? በመሬት ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። በውርስ? እሱም አይደለም። እናታቸው ሲያርፉ አቶ ውቤ ሩቅ ቆላ፣ እርሻ ላይ ነበሩ። "እናትህ ታማለችና ድረስ" ተብለው፣ ክረምት ነው፣ ወንዙን ጭቃውን ጥሰው ሲደርሱ ቀብሩ አልቋል። ያ እየሮጡ የገቡበት የእናታቸው ቤት ተጠርጓል፣ ፍራሹ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። ወደ ታላቃቸው ዞረው "ሳታሳየኝ አፈር አለበስካት?" አሉ። አቶ ጫንያለው አልመለሱም። በዚያው ተዘጋ። እቴነሽ ያኔ ገና ተማሪ ነበረች፤ ተመርቃ መጥታ ማስተማር ስትጀምርም እንደተዘጋ ነው።

እንግዲህ ዓመታት ሄዱና አቶ ጫንያለው ታመሙ። ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ እቴነሽን ለብቻዋ ጠርቶ ብዙ ተስፋ እንዳታደርግ ነገራት። ሽማግሌው ቆርበው መሞት ይፈልጋሉ፤ የንስሐ አባታቸው ደግሞ ከወንድምዎ ሳይታረቁ አይሆንም ብለዋቸዋል። እቴነሽን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ነገር ነው። አጎቷ አንድ ጊዜ ሮጠው መጥተው አፈር ነው ያገኙት። አሁንም አባቷ እንዲሁ እንደተኳረፉ ቢሞቱ፣ አቶ ውቤ ለሁለተኛ ጊዜ አፈር ሊያገኙ ነው። ያውም ከአጥር ማዶ ሆነው። ይሄ ሰው ይህን ችሎ ይኖራል? አይኖርም። እሷም ታውቀዋለች።

ታዲያ ምን አደረገች? እናንተ የምታደርጉትን አደረገች። አገናኘቻቸው። ሰርግ ሲኖር አንድ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን እንዲሆኑ አደረገች። የክርስትና ድግስ ላይ ከአንድ ትሪ አቀረበቻቸው፤ አንዱ በወዲህ ጥግ አንዱ በወዲያ ጥግ በሉ፣ መሀሉ እንጀራ ሳይነካ ተነሣ። ሰዎች በተቀራረቡ ቁጥር ይታረቃሉ ያለችው እሷ ናት። ተቀራረቡ እንጂ አልታረቁም።

ከዚያስ? ከዚያ ደግሞ እሳት አነደደች። ለፋሲካ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠራች። በሉ ዛሬ ሳትጨርሱ አትወጡም ተባለ። አንዱ እየተነሣ ይቆጣል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ ሽማግሌ "እረግማችኋለሁ" ይላል። ሁሉም በቅን ልብ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ቤቱ ጋለ። አቶ ውቤ ብድግ አሉና "እኔ ወንድም የለኝም፣ ከእናቴ ጋር ቀብራችሁታል" ብለው ወጡ። አቶ ጫንያለው ያን ቀን ተኙ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም። እቴነሽ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፣ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ።

ሰኞ ማስተማር ግድ ነው። ሄደች።

የዚያን ቀን ትምህርት፣ አንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ምን ያፈጥነዋል የሚል ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን፣ ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚያወጣውን ፈሳሽ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱን በብርጭቆዎች ቀዳች። ይህ ፈሳሽ ብቻውን ሲቀመጥም ቀስ እያለ ውሃና ኦክስጅን ይሆናል፤ ግን ዓይን አያየውም፣ ወራት ይፈጃል። መጀመሪያ የቀጠነውንና የወፈረውን አሳየቻቸው። ሲወፍር ቅንጣቶቹ ይበዛሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይጋጫሉ፣ ስለዚህ ለውጡ ይፈጥናል። ነገር ግን መጋጨት ብቻውን አይበቃም፤ ኃይል የሌለው ግጭት ነክቶ መመለስ ነው። ቀጥላ ሞቅ ያለውን አሳየቻቸው። ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ይሮጣሉ፣ በኃይል ይጋጫሉ፣ እሱም ያፈጥናል። ግን ሙቀት መራጭ አይደለም፣ የምትፈልጉትንም የማትፈልጉትንም ያፈጥናል። ፀሐይ ላይ የተረሳ ወጥ ቶሎ የሚበላሸው ለዚህ ነው።

መጨረሻ ላይ ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ሆድ ውስጥ ያወጣችውን ጥቁር ዱቄት በጣቷ ቆንጠር አድርጋ አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ጣል አደረገች። ወዲያው ፈላ። አረፋው ብርጭቆውን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ፍም የያዘች የእንጨት ስንጥር ጠጋ ብታደርግ ስንጥሯ ቦግ ብላ ነደደች። ተማሪው ጮኸ፤ በየዓመቱ ይጮኻል። ከዚያ ያን ዱቄት በጨርቅ አጥልላ፣ አጥባ፣ አድርቃ አሳየቻቸው። ያው ነው። አልጎደለም፣ አልተለወጠም። ለሚቀጥለው ክፍል ይሆናል።

አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ከለውጡ ውስጥ ራሱ ካልገባ ታዲያ ዱቄቱ ምን ሠራ ብላ ጠየቀች። እቴነሽ በየዓመቱ የምትመልሰውን መለሰች። "እንዲህ ያለው አፋጣኝ ካታሊስት ይባላል። ካታሊስት አይገፋም። በቅንጣቶቹ ፊት የማይወጡት ዳገት አለ፤ እሱ ዝቅ ባለው በኩል ሌላ መንገድ ያሳያቸዋል። በላዩ ላይ ይገናኛሉ፣ ጨርሰው ይሄዳሉ፣ እሱ እዚያው ይቀራል።"

ተማሪው ትቀጥላለች ብሎ ይጠብቃል፣ እሷ ግን ቆማ ቀረች። ዳገቱ ምንድን ነው? አባቷንና አጎቷን ስታቀራርብ ከረመች፣ ስታግል ከረመች፤ ዳገታችሁ የቱ ጋ ነው ብላ ጠይቃ ታውቃለች? አላወቀችም። በየዓመቱ እያስተማረችው!

እናንተስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ያን ቀን አጎቷ ዘንድ ሄደች። ታረቁ አላለችም። "ጋሼ ውቤ፣ ከሁሉ የከበደዎት ምንድን ነው?" አለቻቸው። አቶ ውቤ ወደ አጥሩ ማዶ እያዩ ያ በር ነው አሉ። አባቷ የሚኖሩት በእናታቸው ቤት ነው። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር "ተነሥ፣ ወንድምህ ቤት እንሂድ" ይላቸዋል። እሳቸው ያን በር ሲያስቡት የተጠቀለለው ፍራሽ ነው የሚታያቸው፣ እግራቸው እምቢ ይላል። አባቷን ስትጠይቅ ደግሞ የእሳቸው ዳገት ሌላ ነው፤ በአገሩ ደንብ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ የተበዳይ ደጅ መሄድ አለበት። እሳቸው ታላቅ ናቸው። ድንጋይ ተሸክመው በታናሻቸው ደጅ መቆሙን ልባቸው አልቻለም፤ ደግሞም ያላጠፋሁትን ጥፋት አልሸከምም ባይ ናቸው። ይኸው ነው። ሁለት በር፣ ሁለቱም የማይገቡበት።

እቴነሽ ሦስተኛ በር ፈለገች። ከአጥሩ በታች እትዬ አጸደ የሚባሉ ጎረቤት አሉ። የሁለቱንም እናት ያስታመሙት፣ ሲያርፉም የገነዙት እሳቸው ናቸው። ዘመድ አይደሉም፣ ለማንም አያደሉም፣ የሰው ወሬ አመላልሰው አያውቁም። ከዚህ ዕርቅ የሚያገኙት ነገር የለም። ሄዳ ነገረቻቸው። እሳቸውም ለሁለቱ አንድ ቃል ላኩ፤ ድንጋይ አያስፈልግም፣ ሽማግሌም አይኖርም፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እኔ ቤት ኑ አሉ። ለእትዬ አጸደ እምቢ አይባልም።

መጡ። አቶ ጫንያለው በልጃቸው ተደግፈው፣ አቶ ውቤ ፊታቸውን አዙረው። እትዬ አጸደ ምስር ይለቅማሉ። ስለ ጥፋት አልተናገሩም፣ ማን ይቅር ይበል አላሉም። ውቤን ብቻ ቀና ብለው አዩ።

"ውቤ፣ እናትህ የሞተችው በእኔ እጅ ነው። የዚያን ቀን የሆነውን ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

አቶ ውቤ አሁንም ፊታቸውን እንዳዞሩ ነው። እትዬ አጸደ ቀጠሉ።

"ካህናቱ ይቀበር አሉ፣ አስከሬኑ አላስቀምጥ ብሎ ነበር። ጫንያለው አይሆንም፣ ውቤ መንገድ ላይ ነው አለ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ሰው ዝናብ እየመታው ቆመ። መኪና በተሰማ ቁጥር እየሮጠ ወደ መንገዱ ይወጣል፣ ብቻውን ይመለሳል። ሲመሽ ሰው በግድ አስቀበረው። ያየሁት ይህንን ነው።"

አቶ ውቤ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። በስንት ዘመናቸው ፊት ለፊት ሲያዩዋቸው ያኔ ነው።

"ጋሼ፣ ሮጥክ?"

"ሮጥኩ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠበቀኝም ብለህ ካመንክ ምን ብዬ ልንገርህ፣ ውቤ? እኔም አዘንኩብህ።"

አጎቷ ተነሥተው ሲሄዱ፣ አባቷ ለመነሣት ሲሞክሩ፣ መሀል ላይ ተያያዙ። ሁለት ሽማግሌ እንደ ሕፃን ተላቀሱ። እትዬ አጸደ ምስራቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

አቶ ጫንያለው ቆረቡ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ግን ሲያርፉ አቶ ውቤ አጠገባቸው ነበሩ፣ እጃቸውን ይዘው። ዓይናቸውን የከደኑላቸው እሳቸው ናቸው። አፈር ሲለብሱም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ነበር። እትዬ አጸደም ከሴቶቹ መሀል፣ እንደማንኛውም ለቀስተኛ። ለዕርቁ እሳቸውን ለማመስገን የተሰናዳ ድግስ ነበር፣ አልመጡም፤ ቤቴ ሰው አለ ብለው።

የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ሁላችሁም የተጣላ ሰው ታውቃላችሁ። ስም አልጠራም፣ ስማቸው አሁን በልባችሁ መጥቷል። ምን ስታደርጉላቸው ከረማችሁ? አንዳንዶቻችሁ እንዲገናኙ ብቻ ትደክማላችሁ፤ ድግስ ላይ ታስቀምጧቸዋላችሁ፣ ስልካቸውን ትደዋውላላችሁ። መልካም ነው፣ ራቅ ራቅ ያለ ሰው አይታረቅም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ቁጣ ትወዳላችሁ። ለብ ያለ ተግሣጽ ደግ ነው፤ ስታግሉት ግን ከፍቅሩ በፊት ጥሉ ይፈጥናል። በእናንተ ሽምግልና ስንት ቤት እንደ ፈረሰ እናንተው ታውቁታላችሁ፣ እኔ ምን ልበል።

እስቲ ጠይቁ። ዳገቱ የቱ ጋ ነው? የሚያስፈራው በር የቱ ነው? ሰው ክፉ ሆኖ ብቻ አይደለም የማይታረቀው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ገደል ሆኖበት ነው። ገደሉን ውጣ እያላችሁ አትገፉት። ዝቅ ያለውን ፈልጉለት፣ ቤታችሁን ክፈቱለት። ደግሞ ካስታረቃችሁ በኋላ "ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ" እያላችሁ መሀላቸው አትቀመጡ። ምስጋና የሚፈልግ አስታራቂ ከፊሉን ራሱ ይበላዋል።

ከመካከላችሁ ደግሞ አስታራቂ ሳይሆን ራሱ የተጣላ ይኖራል። ለአንተ የምለው አጭር ነው። ወንድምህ የዚያን ቀን ሮጦ እንደሆነ አታውቅም። ጠይቀኸው አታውቅምና። ዛሬ ከዚህ ስትወጣ፣ እሱ ገና ሊመልስልህ በሚችልበት ጊዜ፣ ሄደህ ጠይቀው።