የጎሹ ቀይ ሲባጎ

ተረት ተረት!
፦ የዓሣ በረት!

እሰይ፣ ድምፃችሁ ዛሬ ደመቅ ብሏል። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከበሩ ላይ ተነስና ወዲህ ና፣ ይህቺ ከሩቅ የምትሰማ አይደለችም።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች ይኖሩ ነበር። የሚያጠምዱትም አንድ ሾላ ሥር ነበር። ጥላው ደስ ይላል፣ ውኃው ጥልቅ ነው፣ ዓሣውም ሞልቷል። ግን አጥማጆቹ አንድ ክፉ ልማድ ነበራቸው። የማጥመጃው ሲባጎ ሲተበተብባቸው በጥርሳቸው ይበጥሱና እዚያው ይጥሉታል። መንጠቆ ሲሰበር እዚያው። የተሰበረ እንስራ እዚያው። ከዚያም እጃቸውን ተጣጥበው ወደ ቤታቸው!

ከነሱ መካከል ሽባባው የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። አንጓች ሣር ልታጭድ ወደ ሐይቁ በወረደች ቁጥር ያ ሲባጎ እግሯን ይጠልፋታል። አንድ ቀን መንጠቆ ተረከዟን ወጋትና ተቆጣች።

፦ ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የጣላችሁትን አንሱ! ነፍስ ይጠፋበታል!

ጎሹ የሚባለው አጥማጅ ከት ብሎ ሳቀ። ጎሹ ኩሩ ነበር፣ ሲባጎው ከሰው ሁሉ እንዲለይለት በቀይ ቀለም ይነክረው ነበር።

፦ አንጓች፣ ሐይቁንም እንደ ቤትሽ ልትጠርጊው ነው? ይህ ሁሉ ውኃ አንዲት ክር መዋጥ ያቅተዋል?

ሁሉም ሳቁ። ባሏ ሽባባው እንኳ ሳቀ።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሽባባው በታንኳው ወጣ። ታንኳ ታውቃላችሁ፣ ደንገል ከሚባል የሐይቅ ዳር ሣር የሚታሰር ነው፣ ትንሽ ነገር ይገለብጠዋል። ገና ከዳር ፈቀቅ እንዳለ ታንኳው ቀጥ አለ። ቢገፋው እምቢ። ቢመልሰው እምቢ። ያ የተጣለው ሲባጎ ሁሉ ከሥር ተብትቦ ይዞታል! ከዚያም ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ ሕፃን የሚያለቅስ የመሰለ ድምፅ ሰማ። ዘወር ቢል የጉማሬ ግልገል! ሲባጎ አንገቷን አንቋት፣ አፍንጫዋ ብቻ ከውኃው በላይ ቀርቶ ትጮኻለች።

እናቷስ? እናቷማ ሰማች! ውኃው ተከፈለና ያ ትልቅ ራስ ብቅ አለ። አፏን በረገደችው። ሽባባው ደግሞ በእናትና በልጅ መካከል ነው።

ዳር ያሉት ሁሉ ኡኡ አሉ። አንጓች ማጭዷን እንደያዘች ሮጣ መጣች። ውኃው ውስጥ ገባች፣ እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ።

፦ መጣሁልህ! ታንኳህን ልፍታልህ!

ሽባባው ጮኸ።

፦ እኔን ተይኝ! ግልገሏን ፍቻት! ልጇ ካልተፈታች እናቲቱ አትለቀኝም!

አንጓች ባሏን አየች፣ ግልገሏን አየች። ማጭዷን ጨብጣ ወደ ግልገሏ ዞረች። ሲባጎውን ሳብ ብታደርገው ቀይ ነው! ዳር የቆሙት ሁሉ አዩት። ሁሉም ዞረው ጎሹን አዩት።

ጎሹ ሮጠ። ወደ ቤቱ መሰላችሁ? ወደ ሐይቁ ነው እንጂ! ዘሎ ገባና ውኃውን በመቅዘፊያ ይደበድበው ጀመር።

፦ ወዲህ ነይ! ልጅሽን ያነቅኋት እኔ ነኝ! ወደኔ ነይ!

ጉማሬዋ ሽባባውን ትታ ወደ ጎሹ ተንደረደረች። መቅዘፊያውን ከእጁ ነጥቃ እንደ ሸንበቆ ስብርብር አደረገችው። ጎሹ ዓይኑን ጨፈነ። በዚህ ጊዜ አንጓች ማጭዷን ሳበች፣ ሲባጎው ብጥስ! ግልገሏ ነፃ ወጣችና ጮኸች። እናቷ ቆመች። ዞረች። ልጇን በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ እያደረገች ወደ ጥልቁ ይዛት ገባች።

እልልታው ከሐይቁ ማዶ ተሰማ!

አንጓች የባሏንም ታንኳ ፈትታ ወደ ዳር ሳበችው። ጎሹም ከውኃው ወጥቶ ሽባባው እግር ላይ ወደቀ።

፦ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።

፦ የምትለምናትስ አንጓችን ነው። እኔም አብሬህ እለምናታለሁ፣ አብሬህ ስቄያለሁና።

አንጓች ግን ቀሚሷን እየጨመቀች መለሰች።

፦ ይቅርታው ይደርሳል። አሁን ያንን የሲባጎ ጫፍ ያዙና ሳቡ!

ሳቡ! ሴቱ፣ ወንዱ፣ ሽማግሌው፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ሆ እያለ ሳበ። ልጆቹ ስባሪውንና መንጠቆውን በቅርጫት ለቀሙ። ሲባጎው መጣ፣ መጣ፣ ደግሞም መጣ፤ መጨረሻው ላይ ተቀርቅሮ እምቢ አለ። አንዴ! ሁለቴ! ድንገት ጎጆ የሚያህል ትብትብ ዘጭ ብሎ ሲወጣ፣ ሁሉም በቂጣቸው ጭቃው ላይ! በሳቅ ሞቱ።

ትብትቡ ውስጥ ምን አለ? ዓሣ! እዚያው ተይዞ የሚንፈራገጥ፣ የሰው ክንድ የሚያህል ዓሣ! አንጓች ትብትቡን በማጭዷ ቀደደችው። ጎሹ እጁን ዘረጋና ዓሣውን አቀፈው። መንደሩ ሁሉ ምን ሊያደርገው ይሆን ብሎ አየው። ጎሹም አንጓችን አያት፣ ዓሣውን አየው፣ ወደ ውኃው ዝቅ ብሎ ለቀቀው።

፦ ሂድ አንተ! ነገ በንጹሕ ውኃ እንገናኛለን!

በሉ ልጆቼ፣
ተረቴን ሰማችሁልኝ፣
ዓሣ ጥበሱልኝ፣
ጥርስ የለኝምና እሾኹን ልቀሙልኝ!