የአቶ ድንበሩ ጎማዎች

የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር አቶ ድንበሩ አሮጌ መኪናቸውን በየማለዳው እንደ መስታወት ይወለውሏታል። ጎማዋን ቀይሩ የሚላቸውን ሰው ግን «ጎማ የሚቀየረው ሲፈነዳ ነው!» ብለው አፉን ያስዘጉታል።

አንድ የክረምት ቀን ጎረቤት ሞተና ድንኳን ተተከለ። ለቀስተኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ሲነሳ ዝናቡ ገና አላባራም፤ መንገዱም ጭቃና ቁልቁለት ነው። ሊቀመንበሩ ደረታቸውን ነፍተው የመኪናቸውን በር ከፈቱና በጉልት ሽንኩርት የምትሸጠውን ምላሰኛ ሴት «ግቢ» አሏት።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ጎማዎቹን አየች። ጥርሳቸው አልቆ ሽቦው ብቅ ብሏል። ልቧ እምቢ አላት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና በእግሯ ጭቃውን ተያያዘችው።

አቶ ድንበሩ በሰው ፊት የተዋረዱ መሰላቸው።

«አንቺ ሴትዮ! የእኔን መኪና ንቀሽ ነው? ወይ ግቢ፣ ወይ የማትገቢበትን ምክንያት እዚሁ እድርተኛው ፊት ተናገሪ!» ብለው ጮኹ።

ለቀስተኛው ሁሉ ቆሞ አያት። እሷም ዞር ብላ እጅ ነሳች።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ ጌታዬ! ለእድራችን አስቤ ነው እንጂ። ያለን ድንኳን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ ተይዟል።»