ከሁለቱም ሰልፍ ያልቆመው ሰው

አንድ ሰው ነበር። በትንሽ ከተማ የሚኖር፣ በሙያው ግንበኛ፣ ሰፈሩ «ጋሽ አበጋዝ» የሚለው ሰው። ሚስቱ እማዋይሽ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው። ሐኪሞቹ ተስፋ የለውም ብለው ወደ ቤቷ መልሰዋታል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ ሰፈሩም ያውቃል።

የሰፈሩ እድር በዚያ ዓመት ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር። በምን ተጣላችሁ ብትሏቸው አንዱ መንገድ ነው ይላል፣ ሌላው የጎርፍ ቦይ ነው ይላል። ለሊቀ መንበርነት ከላይ ሰፈር ደምመላሽ፣ ከታች ሰፈር ዘነበ ቀረቡ። ሁለቱም ለየወገናቸው ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «ካሸነፍን እነዚያን ከእድሩ እናስወጣለን። ሬሳቸውን ራሳቸው ይቅበሩ።»

የዚያ እድር አመራረጥ እንዲህ ነው። ተመራጮቹ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ይቆማሉ። መራጩ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል። ተመራጩ ዞሮ አያይም፤ ማን እንዳልመረጠው አውቆ ቂም እንዳይዝ። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ አባቶች አስበው ያወጡት።

ሰዉ ተሰለፈ። ተቆጠረ። ስልሳ አንድ ለስልሳ አንድ። ሜዳው መሐል አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

«አበጋዝ፣ ምን ይገትርሃል? ወደ ወገንህ ና እንጂ» አሉት ከላይ ሰፈር፤ ቤቱ እዚያ ነውና።

«ተዉት፣ የሌሊት ወፍ ነው» አለ አንዱ ከታች። «ለአይጥም ለወፍም ሳይገብር ሊኖር።»

ሰውየው ምን አደረገ? ወደ ቤቱ ሄደ? አልሄደም። ዞሮ ከተመራጮቹ ፊት ለፊት ቆመ። ይህን ከዚያ በፊት ያደረገ የለም።

«ደምመላሽ፣ ብታሸንፍ የታች ሰፈርን ሬሳ ትቀብራለህ?»

ደምመላሽ ሰማይ ሰማይ አየ። «እሱ በኋላ በኮሚቴ ይታያል።»

«ዘነበ፣ አንተስ የላይ ሰፈርን?»

«መጀመሪያ እነሱ ይቅበሩን።»

«እንግዲያው አንዳችሁ እስክትመልሱልኝ ድምፄ እኔው ጋ ይቆይ» አለ።

ስብሰባው ያለ ሊቀ መንበር ተበተነ። ሁለቱም ሰፈር ሰላምታ ነሳው። ቤቱ ሲገባ እማዋይሽ ወሬውን ሰምታ ጠበቀችው።

«አንተ ሰው፣ አንዱን ብትይዝ ግማሹ ሰፈር ይቀብረኝ ነበር። አሁን ማን ሊያነሳኝ ነው? ብቻህን አዝለህ ልትወስደኝ?»

«ግማሹ ሰፈር አንቺን ሲቀብር፣ የሌላውን ግማሽ ሬሳ ማን ያንሳው?»

«ይሁን። እስክትጨርስ እጠብቅሃለሁ» አለችው።

ወገኖቼ፣ ይህችን ሴት ልብ በሉልኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ድምፁን የሚነፍግ ሰው ዋጋውን ብቻውን አይከፍልም፤ ቤተሰቡም ይከፍላል፣ ጎረቤቱም ይከፍላል። ይህን ሳይመዝን «አልመርጥም» የሚል ሰው ገና አላሰበበትም።

ሰውየው ታዲያ ተቀመጠ? አልተቀመጠም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ሲወጣ፣ ሲሚንቶው ከእጁ ሳይለቅ፣ አንድ ቀን ደምመላሽ ደጅ፣ አንድ ቀን ዘነበ ደጅ ይሄዳል። ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ደምመላሽ በር መክፈት ተወ። ዘነበ መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ በኋላ ወንበር ያወጣለት ጀመር።

ሁለተኛው ምርጫ መጣ። ተመራጮቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሰዉ ገና ሳይሰለፍ ዘነበ ዞረ።

«የላዩንም የታቹንም እቀብራለሁ» አለ። «የሚቀየመኝ ካለ ይቀየም።»

ከገዛ ወገኑ አምስት ሰዎች ተቀይመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጋሽ አበጋዝ ከላይ ሰፈር ብቻውን ተነሣ። ዘመዶቹ እያዩት ሄዶ ከዘነበ ኋላ ቆመ።

ሃምሳ ሰባት ለስልሳ አንድ። ዘነበ ተሸነፈ።

«ይኸው፤ ያኔ ብትመርጠን እናሸንፍ ነበር» አለው አንድ የታች ሰፈር ሰው።

«ያኔ ብታሸንፉ ምን ልታደርጉ ነበር?» አለው።



እማዋይሽ በሐምሌ ዐረፈች። ደምመላሽ የእድሩን ድንኳን ከለከለ። ዘነበ ታች ሰፈርን አስከትሎ መጣ፤ ሸራ ይዘው፣ አግዳሚ ይዘው፣ በዚያ ዝናብ። ቀትር ሲያልፍ ከላይ ሰፈርም አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ። ስልሳ አንዱም መጡ አልላችሁም። አልመጡም። የመጡት ግን ላይና ታች ሳይባባሉ፣ ትከሻ እየተቀባበሉ ወስደው ቀበሯት።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። በምርጫ ቀን ቤታችሁ የምትቀሩ አላችሁ። «ሁሉም አንድ ናቸው» ትላላችሁ። ልወቅሳችሁ አልተነሣሁም፤ እውነትም ሁለቱም ወገን የሚያሳፍርበት ጊዜ አለ። ግን ልጠይቃችሁ፦ ድምፃችሁን የያዛችሁት ምን መልስ ስትጠብቁ ነው? ጥያቄውን ለማን ነገራችሁ? ስንት ቀን ደጁ ተመላለሳችሁ? መልሱን የሚሰጣችሁ ሰው ከማትወዱት ሰፈር ቢመጣ፣ እንደሚሸነፍም ብታውቁ፣ ከኋላው ትቆማላችሁ?

ይህን ሰው የማደንቀው ለዚህ ነው። መልስ ሲያጣ አልመረጠም፤ መልስ ሲያገኝ አልሸሸም።

ሁልጊዜ የምትመርጡ ሆይ፣ እናንተም አትኩሩብን። ከወገናችሁ ኋላ ስትሰለፉ ያያችሁት ጀርባውን ብቻ ይሆን? ዞራችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት፦ «ብታሸንፍ ጎረቤቴን ምን ታደርገዋለህ?» በሉት።

መልሱ ካስደሰታችሁ ተሰለፉ። ካላስደሰታችሁ አትሰለፉ፤ ግን ሁሉም በሚያያችሁ ቦታ ቁሙ።