ከፊደሉ በላይ ያለችው ምልክት

«አንድ ደብተራ ነበረ» አሉ ፕሮፌሰር ይርዳው፣ ጥያቄዋን ሰምተው ሲጨርሱ።

የጠየቀቻቸው በቤተ ሙከራቸው የምትሠራው ተማሪያቸው ባንቺአየሁ ናት። እናቷ እሷን አርግዘው ሳለ ታስረው፣ በየቀኑ የሞት ጥሪ ሲጠብቁ ከርመዋል። እሷም ያለ ምክንያት እየተሸበረች ነው ያደገችው። አሁን ደግሞ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «የጭንቀት አሻራ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፍ እንደሆነ ስናጠና ስንት ዓመታችን ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ የእናቴን ፍርሃት ለልጄ ላወርሰው ነው?» ነበር ያለቻቸው።

«መሃል ላይ እንዳታቋርጪኝ ብቻ» ብለው እንዲህ ቀጠሉ።

የደብተራው ድምፅ መረዋ ነው። ከአባቱ የወረሰው፣ አባቱም ከአያቱ የወረሱት የዜማ መጽሐፍ ነበረው። በዜማ መጽሐፍ ፊደሉ ከታች ነው፤ ድምፁን አንሣ፣ ጣል፣ ያዝ የሚሉት ጥቃቅን ምልክቶች ደግሞ ከፊደሉ በላይ ናቸው። ይህ ሰው ታዲያ አንድ ቃል ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ይዘጋል፤ ፀጉሩ ይቆማል፤ ዞሮ በሩን ያያል። በሩ ላይ ማንም የለም። ቃሉስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሰላም»! አባቱም እዚያው ቃል ላይ እንዲሁ ይሆኑ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እነዚህ ግን እባቡንም አላዩት።

ደብተራው «የዘራችን ነው» ብሎ ነገሩን ተወው። አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የአራት ዓመት ልጁ ወለሉ ላይ ጠጠር እየደረደረች የአባቷን ዜማ ታንጎራጉራለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ መጽሐፉንም ነክታው አታውቅም። «ሰላም» ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። እጇ ከነጠጠሩ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረችና በሩን አየች።

«ምን አየሽ፣ የኔ እናት?» አላት።

«እየመጡ ነው።»

«እነማን?»

«እኔንጃ።»

በራሱ ሲሆን የቻለውን በልጁ ሲሆን አልቻለውም። መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የአያቱ ደቀ መዝሙር ወደነበሩ አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ ገሠገሠ።

«የኔታ፣ ይህን መጽሐፍ አቃጥለዋለሁ!»

«መጽሐፉ ምን በደለህ? እስቲ አንብብልኝ» አሉት። አነበበላቸው። «ፊደሉ ደህና ነው። አሁን ምልክቶቹን ንገረኝ።»

አንድ በአንድ ይነግራቸው ጀመር። «ሰላም» ላይ ሲደርስ «ቁርጥ» አለ። ቁርጥ ዜማውን በጥሰው የምትል ምልክት ናት።

የመሪጌታው ፊት ዐመድ መሰለ። «እዚያ ቁርጥ የለም። ማንም መምህር አላስተማረውም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አያትህ ይህን ሲጽፉ እኔ አጠገባቸው ነበርሁ። ያችን ቃል ጽፈው ብርዑን ሳያነሡ በሩ ተሰበረ። ወንድማቸውን ዓይናቸው እያየ ወስደው ገደሉባቸው። ከዓመት በኋላ ተመልሰው ሊጽፉ ተቀመጡ። ፊደሉን አልነኩም፤ ከላዩ ግን ይህችን አኑረዋል ማለት ነው። ማኖራቸውንም ያወቁ አይመስለኝም።»

ደብተራው ካራውን መዝዞ ምልክቷን ከብራናው ላይ ፋቃት። ድራሿ ጠፋ። ደስ ብሎት ቃሉን ሊያዜም አፉን ከፈተ። ጉሮሮው ተዘጋ፤ አንገቱም እንደ ወትሮው ወደ በሩ ዞረ።

«አንተ ቂል!» አሉ መሪጌታው። «ከብራናው እንጂ ካንተ መች ተፋቀች? ና አጠገቤ ተቀመጥ። ልጅቱንም አምጣት።»

ሰባት ወር ሙሉ ያችን አንዲት ቃል አብረው አዜሙ። አባትና ልጅ ጉሮሯቸው ሲዘጋ መሪጌታው እጃቸውን ይዘው ዜማውን ይቀጥሉላቸዋል። ልጅቱ በሁለተኛው ወር ተሻገረችው። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ እዚያ ቃል ላይ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢሆንም ያልፈው ነበር።

ፕሮፌሰር ይርዳው መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ባንቺአየሁ ዞሩ።

«ፊደሉ ከእናትሽ የወረስሽው ዘር ነው። ምልክቷ ደግሞ ጭንቀት ከላዩ ያኖራት ናት፤ ዘሩን አትለውጠውም፤ አነባበቡን ነው የምትለውጠው። ወደ ልጅሽ ታልፋለች ወይ? አላውቅም። አይጥ ላይ ያየነውን ሰው ላይ ገና አላረጋገጥንም፤ ላጽናናሽ ብዬም አልዋሽሽም። ምልክት ግን ፊደል አይደለችም። ይህን አውቃለሁ። የሚፍቃት መድኃኒት ቢገኝ እንኳ፣ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያዜም ሰው የግድ ነው። እናትሽ እዚያ ወህኒ ቤት ያንን ሰው አላገኙም።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ይህን ፍርሃትሽን ባልሽ ያውቃል?»

ባንቺአየሁ አንገቷን ደፋች። «ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ለማንም አልተነፈስኩም።»

«ወይ አንቺ ልጅ! ታዲያ ማን አብሮሽ እንዲያዜም ነው? ተነሺ፣ አሁኑኑ ወደ ቤትሽ ሂጂ። አይጦቹን እኔ እመግባቸዋለሁ።»